ለልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪ የሚመረጥበት ሕግ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ወላጆች የቀረበ ንጽጽር

የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና፣ ብዙዎቻችን አሁንም በድሮ ስሙ «ሚኒስትሪ» የምንለው፣ አልቆ ውጤት በሚጠበቅበት ሰሞን በደሴና በኮምቦልቻ ቤቶች «አለፈች ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ልዩ አዳሪ የሚያስገባ ነጥብ ታመጣ ይሆን?» የሚለውም ይነሳል። ጥያቄው የከበደበት ምክንያት የታወቀ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ከ1,300 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ሲቀሩ፣ ተማሪ መርጠው የሚቀበሉ ጥቂት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ያስፈተኗቸውን በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል በሙሉ አሳልፈዋል። ከተማችንም ደሴ ልዩ አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላላት ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

የመኝታው፣ የምግቡ፣ የቤተ ሙከራውና የመምህራኑ ወጪ የሚሸፈነው ከሕዝብ ገንዘብ ስለሆነ፣ ማን ይገባል የሚለው ጉዳይ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር ብቻ የሚተው አይደለም፤ የሕግ ጉዳይ ነው። ይህን ንጽጽር ያዘጋጀሁት ለወላጆች፣ ለወላጅ መምህር ኅብረት አባላትና ለምክር ቤት ተወካዮች ነው። የመግቢያ ደንብ ለውይይት ቢቀርብ ምን ምን አማራጭ እንዳለ፣ ሌሎች አገሮች በየትኛው ሄደው ምን እንዳገኙና ለደቡብ ወሎ ሁኔታ የሚስማማው የትኛው እንደሆነ ለመመዘን እንዲረዳ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ላስታውቅ፦ ልጅን በቅድሚያ ማወዳደር የሚገባው አብረውት በአንድ ወንበር ተቀምጠው ከተማሩ ልጆች ጋር ነው ብዬ አምናለሁ። አንባቢው ከዚህ አቋም ጋር ባይስማማም የአማራጮቹን ጥቅምና ጉዳት ለየብቻቸው ሊመዝናቸው ይችላል።

ከአማራጮቹ በፊት፦ ሕጉ በየትኛው እርከን ይጻፍ?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41(3) ዜጎች ሁሉ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 36(2) ደግሞ ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ በሚወሰድበት ጊዜ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዝዛል። አገሪቱ ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 28 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለእያንዳንዱ ልጅ ተደራሽ እንዲሆን ሲጠይቅ «በችሎታ መሠረት» የሚለውን ሐረግ ያስገባው ስለ ከፍተኛ ትምህርት በሚናገርበት ቦታ ብቻ ነው። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር በአንቀጽ 11 በትምህርት እኩል ዕድል ለማረጋገጥ ለሴቶች፣ ልዩ ተሰጥኦ ላላቸውና ለተቸገሩ ልጆች የተለየ እርምጃ እንዲወሰድ ይጠይቃል። ይህን የመጨረሻውን ድንጋጌ አንባቢው ቆም ብሎ እንዲያስብበት እወዳለሁ፤ ተሰጥኦንና ችግርን ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው፣ ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ሊገናኙ እንደሚችሉ የሚያውቅ ሰው የጻፈው ይመስላልና።

ከእነዚህ ድንጋጌዎች መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤት አይኑር የሚል ክልከላ አላገኘሁም። የሚያስከትሉት ግዴታ ግን አለ፤ መንግሥት በመረጠ ቁጥር ለምን እንዲህ እንደመረጠ ማስረዳት ይኖርበታል። በአገራችን ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የሚመርጡት የ8ኛ ክፍልን ክልላዊ ውጤት በመነሻነት ወስደው በሚሰጡት የመግቢያ ፈተና ነው። ፌዴራሉ መንግሥት አገራዊ የትምህርት ደረጃዎችን ሲያወጣ፣ ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድረው ክልሉ በመሆኑ፣ የአመራረጡን ሥርዓት በሕግ ለማጽናት ትክክለኛው ቦታ የክልሉ ሕግ ነው።

እዚህ ላይ በአዋጅ፣ በደንብና በመመሪያ መካከል ያለው ልዩነት የቃላት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ አደራ እላለሁ። አዋጅ በምክር ቤት ክርክር ተደርጎበት ስለሚወጣ ለመለወጥም እንደዚያው ጊዜ ይወስዳል። ደንብ በመስተዳድር ምክር ቤቱ ይወጣና እንደ አዋጁ ሁሉ በክልሉ ጋዜጣ፣ በዝክረ ሕግ፣ ይታተማል። መመሪያ በቢሮ ደረጃ የሚወጣ ሲሆን ደብዳቤ ግን ከዚያም በታች ነው። በፌዴራል ተቋማት ላይ የሚሠራው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ ከመውጣቱ በፊት ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብ፣ ከወጣም በኋላ ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ክልላዊው የመግቢያ ሥርዓትም ከዚህ መለኪያ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም። የእኔ ምርጫ መሠረታዊው መርሕ፣ ማለትም ማን ከማን ጋር ይወዳደራል የሚለው፣ በደንብ ተጽፎ፣ በየዓመቱ የሚለዋወጡት ቁጥሮች ብቻ ለመመሪያ እንዲተዉ ነው። ምክንያቴን ቀጥሎ የማነሳው የኒው ዮርክ ታሪክ ያሳያል።

አንደኛው መንገድ፦ በፈተና ነጥብ ብቻ

ይህ ለመረዳት ቀላሉ ነው። ሁሉም አንድ ፈተና ይወስዳል፣ ነጥቡ ከላይ ወደ ታች ይደረደራል፣ ቦታው የሞላበት ቁጥር መቁረጫ ነጥብ ይሆናል። ከሁሉ የበለጠው ጥቅሙ በስልክ የማይለወጥ መሆኑ ነው። ዘመድ የሌለው ሰው ልጅ ዘመድ ካለው ሰው ልጅ ጋር በአንድ ሚዛን የሚቀመጥበት ብርቅ አጋጣሚ ይኸው ስለሆነ፣ ፈተናን የሚነቅፍ ሰው ሁሉ በምትኩ የሚያመጣው ነገር ለአማላጅ በር የማይከፍት መሆኑን አስቀድሞ ማሳየት አለበት። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ በመምህርነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት በቃለ መጠይቅና በ«ጠቅላላ ግምገማ» ሰበብ የተበላሸ ምርጫ አይቻለሁ።

ይህን መንገድ በሕግ አጥብቆ በመያዝ የኒው ዮርክን ግዛት የሚያህል የለም ለማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣውና በሁለት አርቃቂዎቹ ስም ሄክት–ካላንድራ የሚባለው ሕግ፣ ስታይቨሰንትን፣ ብሮንክስ ሳይንስንና ብሩክሊን ቴክን ጠቅሶ፣ ወደ እነዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚገባው በውድድር ፈተና ብቻ እንደሆነ ደነገገ። በፈተናው ለጥቂት ያልደረሱ የተቸገሩ ልጆች በክረምት ማጠናከሪያ ተምረው እንዲገቡ የሚፈቅድ ጠባብ በርም አብሮ ተወ። ሕጉ ትምህርት ቤቶቹን ከፖለቲካ ጣልቃ ገብነት ጠብቋቸዋል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 ስታይቨሰንት የመግቢያ ዕድል ከሰጣቸው 895 ተማሪዎች ጥቁሮቹ 7 ብቻ ነበሩ፤ በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግን ጥቁር ተማሪዎች በዚያን ጊዜ ሩብ ያህል ነበሩ። የከተማው ከንቲባ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብለው ፈተናው ቀርቶ ከየመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቀዳሚዎቹ 7 በመቶ ተማሪዎች እንዲገቡ ሐሳብ ቢያቀርቡም፣ ሕጉ የግዛቱ እንጂ የከተማው ስላልነበረ የግዛቱን ምክር ቤት ፈቃድ ጠይቀው ሳይሳካላቸው ቀረ። ልጆቻቸው በፈተናው ያለፉላቸው፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ድሃ የእስያ ስደተኞች የሆኑ ቤተሰቦች፣ በብርቱ ተቃውመዋል፤ ተቃውሟቸውም ተገቢ ስጋት ነበረበት። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ሁለት ወገን አለው፤ በሕግ የጸና ሥርዓት ልጆችን ከአድልዎ ይጠብቃል፣ ስሕተት ይዞ ከጸና ደግሞ ስሕተቱንም አብሮ ያጸናል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ ነጥብ ብቻውን የሚለካው ምንድን ነው? የልጁን ጥረት እንደሚለካ አያጠራጥርም። ከዚያ ጋር አብሮ ግን በዓመቱ ውስጥ ስንት ቀን እንደተማረ፣ መጽሐፍ ለስንት ተጋርቶ እንዳነበበ፣ የሒሳብ መምህሩ መቼ እንደተመደበለት፣ አባቱ አስጠኚ መቅጠር ችሎ እንደሆነ ይለካል። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የእኛ ልጆችም ከትምህርት ተፈናቅለዋል። ከዚያ በኋላ በተከተሉት ዓመታት በክልሉ በቀጠለው ግጭት በብዙ የገጠር ወረዳዎች ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ሲዘጉ ከተሞቹ በአንጻሩ የተሻለ ዕድል ነበራቸው። በፒያሳ አቅራቢያ በግል ትምህርት ቤት ዓመቱን ሙሉ የተማረ ልጅ ያመጣው 90 እና ትምህርት ቤቱ ግማሹን ዓመት ተዘግቶበት የቆየ የለጋምቦ ልጅ ያመጣው 84፣ በወረቀት ላይ የ6 ነጥብ ልዩነት አላቸው። ከሁለቱ ልጆች ማናቸው ለፊዚክስ የበለጠ አእምሮ እንዳለው ግን ከነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሊነግረኝ የሚችል ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ትምህርት ቤቷ ከዋናው መንገድ ርቆ የሚገኝ ሲሆን በክልላዊው ፈተና ከትምህርት ቤቷ ሁለተኛ ከወጣው ልጅ በጣም ርቃ አንደኛ ወጣች። የዚያን ዓመት መቁረጫ ግን በ2 ነጥብ አመለጣት። አጎቷ ይዟት መጥቶ «የኔታ፣ ሌላ የሚጠየቅበት መንገድ የለም?» ሲለኝ፣ አለመኖሩን እያወቅሁ መዝገቡን ደጋግሜ አገላበጥሁ። የምጽፈው ሁሉ ከዚያ ቀን ጋር የተያያዘ መሆኑን አንባቢዬ ቢያውቅ መልካም ነው።

ሁለተኛው መንገድ፦ ኮታ በአካባቢ

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ አዲስ አይደለም፤ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች ተማሪዎች ዝቅ ያለ ነጥብ ሲወሰን ኖሯል። በልዩ አዳሪ ላይ ሲተረጎም፣ ለምሳሌ ለተሁለደሬ፣ ለኩታበር፣ ለቃሉ፣ ለወረባቦ፣ ለአምባሰል፣ ለተንታ፣ ለደላንታና ለሌሎቹም ወረዳዎች እንዲሁም ለከተሞቹ የተወሰነ መቀመጫ ተይዞ በየወረዳው ውስጥ በነጥብ ይወዳደራሉ ማለት ነው። የቺካጎ ከተማ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሥርዓት አላት፤ በመርጦ ተቀባይ ትምህርት ቤቶቿ 30 በመቶ ያህሉ መቀመጫ በነጥብ ብቻ ይያዝና የቀረው በነዋሪዎቹ ገቢ፣ የትምህርት ደረጃና መሰል መለኪያዎች በ4 ደረጃ ለተከፈሉ ሰፈሮች እኩል ይከፋፈላል። የከተማው አስተዳደር የማንንም ዘር ሳይጠይቅ ችግርን በሰፈር አማካይነት ለመመዘን መቻሉ የሥርዓቱ ብልሃት ነው።

የወረዳ ኮታ በደቡብ ወሎ ቢሞከር ሁለት ነገር ያሰጋኛል። የመጀመሪያው፣ ወረዳ በራሱ አንድ ወጥ አለመሆኑ ነው። የወረዳው ዋና ከተማ ልጆች፣ የመንግሥት ሠራተኛውና የነጋዴው ልጆች፣ የወረዳውን ቦታ ጠቅልለው ሲወስዱት ሦስት ሰዓት በእግር የሚሄደው ልጅ ከበፊቱ ቦታው አይንቀሳቀስም። ሁለተኛው መታወቂያ ነው። ኮታው በመኖሪያ አድራሻ የሚወሰን ከሆነ፣ ከፈተናው በፊት ባሉት ወራት የከተማ ልጆች ስም ወደ ገጠር ቀበሌ መዝገብ መዛወሩ አይቀርም፤ የቀበሌ መታወቂያ እንዴት እንደሚገኝ የማያውቅ በመካከላችን የለም። እንግዲህ ኮታ የሚመረጥ ከሆነ መለኪያው አድራሻ ሳይሆን 7ኛ እና 8ኛ ክፍልን የተማረበት ትምህርት ቤት ይሁን። ይህን ካልን ደግሞ ወደ ሦስተኛው መንገድ ተሻግረናል።

ሦስተኛው መንገድ፦ ከየትምህርት ቤቱ ቀዳሚዎቹ

የዚህ ሐሳብ መሠረት፣ ልጅ ከእኩያው ጋር ሲወዳደር እውነተኛ አቅሙ ይታያል የሚል ነው። አንድ መምህር ያስተማራቸው፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ያዩ፣ በአንድ ቀን ትምህርት የተዘጋባቸው ልጆች መካከል አንደኛ የወጣችው፣ ምክንያት ሊደረደርላት ሳያስፈልግ አንደኛ ናት።

በሕግ የተፈተነበት ዋናው ቦታ ቴክሳስ ነው፤ ምንም እንኳ እዚያ የተሠራበት ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ቢሆንም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ሕግ ከየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቀዳሚዎቹ 10 በመቶ ተማሪዎች ወደ ግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ እንዲገቡ ፈቀደ። ከዚያ በፊት ወደ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልከው የማያውቁ የገጠር ትምህርት ቤቶች መላክ ጀመሩ። በዚህ መንገድ የሚገቡት በጣም ከመብዛታቸው የተነሳ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ሕጉ ተሻሽሎ ለዚሁ በኦስቲን ለሚገኘው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ፣ ለአዲስ ገቢ የግዛቱ ተማሪዎች ከሚያዘው ቦታ 75 በመቶ የሚል ጣሪያ ተበጀለት። አንዳንድ ቤተሰቦችም ልጆቻቸውን ፉክክር ወደሚቀንስበት ትምህርት ቤት ማዛወራቸው በጥናት ታይቷል። በአገራችንም ለዚህ የሚቀርብ ትዝታ አለ፤ በንጉሡ ዘመን ከየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብልጫ ያሳዩ ተማሪዎች 12ኛ ክፍልን በአዲስ አበባው የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር።

ወደ ደሴ ስናመጣው መጀመሪያ የሚገጥመን የስሌት ችግር ነው። 8ኛ ክፍልን የሚያስተምሩት የዞኑ ትምህርት ቤቶች ከአዳሪው መቀመጫ ሊበዙ ስለሚችሉ፣ «ከየትምህርት ቤቱ አንድ» ማለት እንኳ ቦታውን ሊያጨናንቀው ይችላል። ለዚህ መፍትሔው በእጃችን ያለ ይመስለኛል። ትምህርት ቤቶቻችን ቀድሞውኑ በጉድኝት፣ ማለትም ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች በሚሰባሰቡበት ቡድን፣ የተደራጁ ናቸው፤ ርዕሳነ መምህራኑም ሱፐርቫይዘሮቹም በጉድኝት ሲሠሩ ኖረዋል። ውድድሩ በጉድኝት ውስጥ ይሁን። ለምሳሌ ያህል 100 መቀመጫ ቢኖር 75ቱ ለጉድኝቶች ተከፋፍሎ በየጉድኝቱ በነጥብ ቅደም ተከተል ቢሞላ፣ የቀረው 25 ደግሞ ከየትም ለመጣ ከፍተኛ ነጥብ ክፍት ቢሆን፣ የከተማው ትጉ ተማሪ በሩ አይዘጋበትም፤ የገጠሩም ልጅ በማያውቀው ሚዛን አይመዘንም። ቁጥሩ በክርክር ሊስተካከል ይችላል። እኔ የምሟገተው ለክፍፍሉ መርሕ ነው።

የሥርዓቱ ድክመቶች የሚድኑት ሕጉ በጥንቃቄ ከተጻፈ ብቻ ነው። ደረጃው መወሰን ያለበት በትምህርት ቤቱ የውጤት ካርድና ሮስተር ሳይሆን በክልላዊው ፈተና ነው፤ ያለዚያ መምህሩ በየዓመቱ በልመናና በማስፈራሪያ መካከል ይቆማል፣ ነጥብም ይጋሽባል። ልጁ ከዚያው ጉድኝት ለመወዳደር ሁለቱን ዓመት፣ 7ኛንም 8ኛንም፣ እዚያው የተማረ መሆን አለበት፤ በግጭት የተፈናቀለና ወላጅ የሞተበት ልጅ ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ መሆኑ በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል። ዝቅተኛ የመነሻ ነጥብም ያስፈልጋል፤ ሆኖም መነሻው ከፍ ተደርጎ ከተወሰነ የጉድኝቱን ውድድር ስም ብቻ ስለሚያደርገው፣ አርቃቂዎቹ እዚህ ቁጥር ላይ ምን እንደሚጽፉ በትኩረት እንዲታይ አሳስባለሁ።

ብዙ ወላጆች የሚያነሱት ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ከገጠር በ80 ነጥብ የገባችው ልጅ 95 ካመጡት ጋር አንድ ክፍል ስትቀመጥ ወደ ኋላ አትቀርም ወይ ይላሉ። ስጋቱ እውነት አለው፤ በተለይ የእንግሊዝኛው ክፍተት ሰፊ ነው። መልሱ ግን ልጅቷን ከበር መመለስ ሳይሆን ሐምሌና ነሐሴን ለማጠናከሪያ መጠቀም ነው። የኒው ዮርኩ ሕግ እንኳ፣ ያን ያህል ጥብቅ ሆኖ ሳለ፣ የክረምት በር ትቷል። የምልመላው ደንብ የክረምቱን ትምህርት ከነበጀቱ ካልያዘ ግማሽ ደንብ ነው።

አራተኛውና አምስተኛው

መነሻ ነጥብ ካለፉት መካከል በዕጣ መምረጥ፣ በ90 እና በ89 መካከል እርግጠኛ ልዩነት እንዳለ አድርጎ አለማስመሰሉ ያስከብረዋል። ሆላንዶች የሕክምና ተማሪዎችን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት፣ ከፍተኛ ነጥብ ላለው ሰፊ ዕድል በሚሰጥ ዕጣ ሲመርጡ ኖረዋል። በሳን ፍራንሲስኮ የሎዌል ትምህርት ቤት በወረርሽኙ ዘመን ወደ ዕጣ ሲዛወር ግን ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ጥቂት ሳይቆይ ወደ ውጤት ተመለሰ። እኛ ዘንድ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ያሳደረው ትዝታ የተደበላለቀ በመሆኑ፣ ዓመት ሙሉ በኩራዝ ላጠና ልጅ «ዕጣ አልወጣልህም» ማለት ይከብዳል። ለመጨረሻዎቹ ጥቂት መቀመጫዎች እኩል ነጥብ ላመጡ ልጆች መለያ ቢሆን ግን፣ በወላጆች ፊት በአደባባይ እስከወጣ ድረስ፣ ከማንኛውም የቢሮ ውሳኔ ይሻላል።

መምረጥን ፈጽሞ ማስቀረት ደግሞ ሰፊ ታሪክ አለው። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣችው ሕግ ሁሉም ልጅ ለ9 ዓመት አንድ ዓይነት ትምህርት ቤት እንዲማር ወስና፣ ሥራውን በ1972 ከሰሜኑ፣ ከላፕላንድ፣ ጀምራ በ1977 ዋና ከተማዋ ላይ አጠናቀቀች። ድሃውና ሩቁ አካባቢ መጀመሪያ፣ ዋናው ከተማ መጨረሻ የሆነበት ቅደም ተከተል ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1974 በሴኡልና በቡሳን የሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ውድድርን አስቀርታ ተማሪዎችን በዕጣ መመደብ ብትጀምርም፣ የግል ማስጠናቱ ገበያ አልከሰመም፣ በ1980ዎቹም ልዩ የሳይንስ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። እንግሊዝ መካከለኛውን መንገድ ይዛለች፤ እ.ኤ.አ. የ1998ቱ ሕግ በችሎታ የሚመርጡ አዳዲስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ሲከለክል ነባሮቹን ግን ተዋቸው፤ ዛሬም 163 ያህል አሉ። ሕጉ የአካባቢው ወላጆች በድምፅ እንዲያስቀሯቸው ቢፈቅድም ድምፅ የተሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2000 በሪፐን ከተማ ሲሆን፣ ውጤቱም ይቆይ የሚል ነበር። አንዴ የቆመ መራጭ ትምህርት ቤት ተጠቃሚዎቹ በቀላሉ እንደማይለቁት ከዚህ ይታያል።

ምርጫው በራሱ ምን ያህል ይጠቅማል የሚለውን ያጠኑ ሰዎች ያገኙት የሚያስገርም ነው። በቦስተንና በኒው ዮርክ፣ በተለይም ለእኛ በሚቀርበው በኬንያ ብሔራዊ ትምህርት ቤቶች፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተሙ ጥናቶች መቁረጫውን ለጥቂት ያለፉትንና ለጥቂት ያመለጣቸውን ሲያወዳድሩ በኋላ ፈተና ውጤታቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም፤ በሩማንያ የተሠራ ሌላ ጥናት ግን መጠነኛ ጭማሪ አሳይቷል። ስለዚህ የአዳሪዎቹ 100 በመቶ ማሳለፍ ከፊሉ ጎበዞችን ከመምረጣቸው የመጣ መሆኑን ማመን ይገባናል። እንዲያም ሆኖ፣ ምግብ፣ መብራት፣ ጸጥታና የማይቋረጥ ትምህርት በሌለበት ቤት ለሚያድግ ልጅ አዳሪው ከሌላ አገር የበለጠ ለውጥ ሊያመጣ እንደሚችል ስለማስብ፣ ዛሬ ይዘጋ ከሚሉት ጋር አልስማማም። ይህ ለውጥ የሚመጣው ግን እነዚህ ነገሮች የሌሏት ልጅ ከገባች ነው። ቤቷ ሁሉ ነገር የተሟላላትን ልጅ ከቤቷ አውጥቶ ለማሳደር የሕዝብ ገንዘብ ማውጣት ትርጉሙ ይሳሳል። የአዳሪው ቤተ ሙከራ ቅዳሜ ቅዳሜ ለወይዘሮ ስኂን፣ ለሆጤና ለመምህር አካለወልድ ተማሪዎች ክፍት እንዲሆን፣ መምህራኑም ልምዳቸውን እንዲያካፍሉ ደንቡ ቢያስገድድ፣ ያልተመረጠው ልጅም ከትምህርት ቤቱ ድርሻ ይኖረዋል።

ረቂቁ እጃችሁ ሲገባ

የትኛውም አማራጭ ቢያዝ የሚነበቡ ጥቂት አንቀጾች አሉ። የአመራረጡ መለኪያ ቢያንስ የትምህርት ዘመኑ ሲጀመር፣ በመስከረም፣ መታወጅ አለበት፤ ከሰኔ በኋላ የሚወጣ መለኪያ ውጤቱ ለታወቀ ሰው እንደተቆረጠ ልብስ ነውና። ተጨማሪ የመግቢያ ፈተና የሚሰጥ ከሆነ በደሴ ብቻ ሳይሆን በየወረዳው ማዕከል መሰጠቱን ተመልከቱ፤ ከመካነ ሰላም ደሴ ድረስ ለአንድ ቀን ፈተና ልጅና አስከታይ መላክ የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪው ብቻ ብዙዎችን ያስቀራል። አካል ጉዳተኛ ልጅ በምን ሁኔታ እንደሚፈተን፣ መኝታ ቤቱም ለእርሱ የተዘጋጀ መሆኑን ካልጠቀሰ ጠይቁ። የሴቶች ድርሻ ከመኝታ ቁጥር ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ የሴቶች ዶርም ስንት አልጋ አለው የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም የመርሕ አንቀጽ ይልቅ እውነቱን ይነግራችኋል።

የተመረጡት ስም ከነነጥባቸውና ከነጉድኝታቸው፣ ተጠባባቂዎቹም በተራቸው፣ በየትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ቦታ ለቆ በሚሄድ ልጅ ፈንታ የሚገባው ከተጠባባቂዎቹ ቀጣዩ መሆኑ ካልተጻፈ፣ በጥቅምት የሚለቀቁት መቀመጫዎች በማን እንደሚሞሉ የሚያውቅ አይኖርም። ቅሬታ የሚሰማው አካል ምርጫውን ካካሄደው ኮሚቴ የተለየ መሆን ሲኖርበት፣ የማቅረቢያው ጊዜም 10 የሥራ ቀን ቢሆን፣ ስልክ በማይሠራበት ቀበሌ ያለ አባት ወሬውን ከገበያ ቀን ሰምቶ፣ ማመልከቻ አጽፎ፣ ለመድረስ ይበቃዋል።